ልጁ ወፈረ ወይስ ቦርዱ ቀጠነ?

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ነገሩም የባሕር ነው። ጸሐፊዋ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳንዲያጎ ከተማ የሚኖሩ እናት ናቸው። እንደ ዓምዳችን ልማድ ስማቸውን አንጠቅስም። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ብቻ ቀንጭበን እነሆ ብለናል፦

«... 17 ዓመት የሆነው አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ84፣ ኪሎው 88 ነበር። ነበር ያልኩት አሁን ስንት እንደገባ ስለማላውቅ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እየደረደረ ባጠራቀማት ገንዘብ፣ እዚህ ሰርፍ ቦርድ የሚሉትን፣ ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው በ350 ዶላር ገዛ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። ቅዳሜና እሑድ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ፊቱን አጥቁሮ ይመለሳል። ይኸው ስንት ወሩ፣ አንድም ቀን 'ዛሬ ቆምኩ' ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጓደኞቹ 'አንተ እኮ ከብደሃል፣ ቦርዱ አልቻለህም' ይሉታል አሉ።

መጀመሪያ ምሳ ተወ። 'እማዬ፣ እየጾምኩ ነው' ሲለኝ እውነት መስሎኝ ደስ አለኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ሁዳዴ አልቆ ፋሲካ ተፈስኮ እንኳ የእሱ ጾም አላበቃም! ዶሮ ወጥ ሠርቼ ባቀርብ አልነካም አለ። አሁን በቀን አንዴ ሰላጣ ቀመስ አድርጎ ይነሳል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ከውኃ ሲወጣ አሸዋው ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። አባቱ 'ይኼን ጣውላ በመጥረቢያ ነው የምፈልጠው' ይላል። እኔ ደግሞ ከፈለጠው ልጄ ከቤት ይወጣል ብዬ ፈራሁ። እባካችሁ የሚበላበትን ዘዴ ምከሩኝ። ምናልባት ከጠቀማችሁ ብዬ ሰሌዳው ሆድ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጬ ልኬላችኋለሁ፦ 5 ጫማ ከ10፣ 18 ½፣ 2 5/16፣ 26።»

ደብዳቤው ይኼው ነው። መቼም እዚህ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የምታነቡን ሰዎች «ባሕር በሌለበት አገር ስለ ማዕበል ሰሌዳ ምን ያስወራል?» ማለታችሁ አይቀርም። ቆይ ታገሱኝ። ባሕሩ ባይኖረን ልጆቻችን ባሕር ዳር ናቸው። ደግሞስ የማይሆናትን ጂንስ ገዝታ፣ ጂንሱ እስኪገባት ቁርስና ምሳ የምትተው ልጅ በየሰፈራችን የለችም እንዴ? ነገሩ ያው ነው። የእሷ ግን ቢበዛ ዚፑ እምቢ ይላል። የእሱ ውኃ ውስጥ ነው።

እትዬ (በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እንዲህ ልበልዎት)፣ በቅድሚያ ስለ ራስ መሳቱ። ይኼ ለነገ የሚባል አይደለም። ልጁ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ክብደቱም ደሙም ይታይ። ለሐኪሙ «ጾም ላይ ስለሆነ ነው» ብለው እንዳይሸፍኑለት አደራ። እንዳለ ይንገሩት፦ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ምግብ ትቷል፣ ለቤተሰቡም ደብቋል። በዚህ ዕድሜ ምግብ እየተዉ መሄድ ከቦርድ ጉዳይ አልፎ ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህንኑ የሚያክሙ ባለሙያዎችም አሉ። ሐኪም እስኪያየው ድረስ ባሕር የለም። አሸዋ ላይ የወደቀ ሰው ይነሳል። 50 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ ኖሮ? እዚህ ላይ ድርድር የለም። ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እርስዎ የጠየቁን የሚበላበትን ዘዴ ነው። ዘዴው ድስቱ ውስጥ አይደለም እትዬ። ዘዴው በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «ምናልባት ከጠቀማችሁ» ብለው በጻፏት ቁጥር ውስጥ ነው ያለው። እግዜር ይስጥዎት፣ እሷን ባይልኩልን ኖሮ እኛም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ አጥሚትና ስለ ቅንጬ አውርተን እንለያይ ነበር።

ቁጥሩን እንፍታው። የመጀመሪያው ርዝመት ነው። 5 ጫማ ከ10 ኢንች ማለት 1 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር ነው። ልብ አሉልኝ? ቦርዱን አቁመው ልጅዎን አጠገቡ ቢያቆሙት ልጁ ይበልጠዋል! ሁለተኛው ወርዱ ነው፣ 18 ኢንች ተኩል፣ ማለትም 47 ሳንቲ። ሦስተኛው ውፍረቱ፣ ወደ 6 ሳንቲ የሚጠጋ። የመጨረሻዋ 26 ግን ዋናዋ ናት። ሊትር ናት። ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ቢደፈቅ ስንት ሊትር ውኃ እንደሚያፈናቅል የምትናገር ቁጥር ነች። (ርዝመቱን፣ ወርዱንና ውፍረቱን አባዝታችሁ 49 ሊትር ገደማ ከመጣባችሁ አልተሳሳታችሁም። ቦርድ ግን ሣጥን አይደለም። ጫፍና ጫፉ ይሾላል፣ ዳርና ዳሩ ይሳሳል። ስለዚህ ከሣጥኑ ግማሹን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚቀረው።)

አርኪሜደስ የተባለውን የግሪክ ሊቅ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ተዋውቀነዋል። ነገሩ አጭር ነው፦ ውኃ ውስጥ የገባን ነገር ውኃው ወደ ላይ ይገፋዋል። የሚገፋውም ያ ነገር ባፈናቀለው ውኃ ክብደት ልክ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ አንድ ኪሎን ትንሽ ያልፋል። እንግዲህ የልጅዎ ቦርድ በ26 ሊትሩ ቢበዛ 26 ኪሎ ተኩል ያህል ነው የሚያነሳው። የራሱን ክብደት፣ ሁለት ተኩል ሦስት ኪሎ፣ ቀንሱለት። ለልጁ የተረፈችው 24 ኪሎ አካባቢ ናት።

«ልጁ በሆዱ ሲተኛበት ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ውኃው ራሱ ይሸከመዋል» የሚል ብልህ አንባቢ ይኖራል። ልክ ነህ ወንድሜ። ችግሩም እሱ ነው! ውኃ ውስጥ የገባ አካል ውኃ ይጎትተዋል። በቂ ሊትር ያለው ሰሌዳ ሰውየውን ከውኃው በላይ አድርጎ ያንሸራትተዋል። ያነሰው ደግሞ እስከ ደረቱ ይነክረዋል፣ ልክ ጭቃ ውስጥ እንደገባች ላዳ። በእጁ ቢቀዝፍ ቢቀዝፍ ፈቅ አይልም። ማዕበል ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ደረት የሚደርስ ማዕበል በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በእጁ የሚቀዝፍ ሰው የዚያን ግማሽ ከደረሰ ጎበዝ ነው። ማዕበሉ ከሥር ሲያነሳው ቀድሞ የተወሰነ ፍጥነት ካልያዘ ወይ ጥሎት ያልፋል፣ ወይ አናቱ ላይ ይፈርስበታል። ልጅዎ ለወራት ያየው ይህንን ነው። ስንፍና አይደለም፣ ፍርሃትም አይደለም።

ነገሩ ለእኛ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ባሕር ዳር የሄደ ሰው የጣናን ታንኳ አይቷል። ከደንገል ተጠፍሮ የሚሠራውን ማለቴ ነው። ታንኳ ሠሪው አንድ ሰው ለሚሻገርበትና ማገዶ ተቆልሎ ለሚጫንበት አንድ ዓይነት አይሠራም። ጭነቱ ከበዛ ደንገሉን ያበዛል፣ ያረዝማል፣ ያወፍራል። ማገዶውን «አንተ ቅጠንልኝ» አይለውም! (በነገራችን ላይ ፔሩ ውስጥ ሁዋንቻኮ በሚባል ቦታ ያሉ ዓሣ አጥማጆች የጣናን ታንኳ በሚመስል፣ ቶቶራ ከሚባል ሸምበቆ በታሰረ ጀልባ ከባሕር ሲመለሱ ማዕበል እየጋለቡ ነው ወደ ዳር የሚወጡት። ከተመቻችሁ ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ደንገል ያያችሁ ነው የሚመስላችሁ።)

ሰርፍ የሚያስተምሩና ሰሌዳ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ግምት አለ። ክብደትን በኪሎ፣ ቦርዱን በሊትር ያስቀምጡና ያካፍሉታል። ለጀማሪ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ገደማ። 60 ኪሎ የሆነች ልጅ 60 ሊትር አካባቢ፣ 88 ኪሎ የሆነ ልጅ ከ80 እስከ 90። ዓመታት የቆየና በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ውኃ የሚገባ ሰው ለኪሎ ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ተወዳዳሪዎቹ፣ በቴሌቪዥን የምናያቸው፣ እስከ 0.35 ሊትር ይወርዳሉ። በዕድሜ የገፋ፣ ወይም በወር አንዴ የሚወጣ ሰው ደግሞ መልሶ ይጨምራል። ሕግ አይደለም፣ ግምት ነው። የቦርዱ ቅርጽም ይለውጠዋል። ለመነሻ ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

እስቲ የልጅዎን እናስላው። 26 ለ88 ሲካፈል 0.3 እንኳ አይሞላም። ከዓለም ሻምፒዮናዎቹ ያነሰ! ልጁ ነገ ጠዋት የዓለም ሻምፒዮና ሆኖ ቢነሳ እንኳ በዚህ ክብደቱ ወደ 31 ሊትር ያስፈልገው ነበር። ይህ ቦርድ እንዲሆነው 14 ኪሎ ቀንሶ 74 መግባት፣ በዚያ ላይ ሻምፒዮና መሆን አለበት። ጀማሪ ሆኖ ደግሞ ቦርዱ እንዲመቸው ከተፈለገ ስንት ኪሎ መሆን አለበት መሰለዎት? 26 ኪሎ! ይኼ የስምንት ዓመት ሕፃን ክብደት ነው። እትዬ፣ ልጅዎ ምሳ የተወው ስምንት ዓመቱ ላይ ሊመለስ ነው ማለት ነው። ይህንን ሒሳብ እሱ ራሱ ወረቀት ላይ እንዲያሰላው ያድርጉ። እርስዎ ከሚነግሩት እሱ ራሱ ቢያገኘው ይሻላል።

ታዲያ እነዚያ ሻምፒዮናዎች በዚያች ስስ ነገር ላይ እንዴት ይቆማሉ? ቢቆሙማ ይሰምጣሉ። ማዕበሉ ባይሮጥ ኖሮ እነሱም እስከ ወገባቸው ይገቡ ነበር። የሚይዛቸው ሊትሩ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ኩሬ ላይ ስትወረውሩት ነጠር ነጠር እያለ እንደሚሄደው ማለት ነው። ድንጋዩ አይንሳፈፍም፣ ግን እስከሮጠ ድረስ አይሰምጥም። እነሱ ያንን ፍጥነት በሁለት ሦስት ቅዝፊያ ያገኙታል፣ ማዕበሉ የሚነሳበትን ቦታ በእርምጃ ልክ ስለሚያውቁት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ውኃ ውስጥ ናቸዋ!

የዚህ ሁሉ መዘዝ አንዱ ፋሽን ነው። ኬሊ ስሌተር የሚባለውን አሜሪካዊ ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም። እ.ኤ.አ በ1992 በ20 ዓመቱ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮናነት ወሰደ፣ በ2011 ደግሞ 11ኛውን ደገመ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75፣ ክብደቱ 73 ኪሎ አካባቢ የሆነ፣ እንደ ድመት የሚተጣጠፍ ሰው ነው። በ1990ዎቹ የእሱና የጓደኞቹ ቦርድ እንደ ችፕስ የሳሳ፣ 18 ኢንች ገደማ ወርድ ያለው፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰ ነበር። እሱ ሲነዳው ስላማረ ዓለም ሁሉ ያንኑ ገዛ። ሐኪሙም፣ አናጢውም፣ 90 ኪሎ የሆነውም፣ በወር አንዴ የሚወጣውም። ከዚያ እንግዲህ ስንቱ ነው ባሕሩ ላይ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ማዕበል ሲያይ የዋለው! ቦርድ በኮምፒውተር መቀረጽ ከጀመረ ወዲህ ነው የሊትሯ ቁጥር በየሰሌዳው ሆድ ላይ መጻፍ የተለመደችው። እኔ በበኩሌ ይህቺን ቁጥር ያመጣ ሰው ሽልማት ይገባዋል ባይ ነኝ። ቢያንስ ገዢው ምን እንደሚገዛ አይቶ ነው የሚሳሳተው።

ለልጅዎ እንዲነግሩለት የምፈልገው ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ሳይመን አንደርሰን ይባላል፣ አውስትራሊያዊ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፣ ትከሻ ብቻ የሚሉት ዓይነት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ከሥር ሁለት ክንፍ የተተከለበት ቦርድ ፋሽን ሆነ። (ክንፍ የምለው ከቦርዱ ሥር እንደ ዓሣ ክንፍ የሚተከለውንና ፊን የሚሉትን ነው፣ ቦርዱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው።) ማርክ ሪቻርድስ የሚባል ሌላ አውስትራሊያዊ በዚያ ቦርድ ከ1979 እስከ 1982 ድረስ አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። አንደርሰን ግን ያንኑ ቦርድ ሲይዝ ከሥሩ እየሾለከ አስቸገረው። ለዚያ ሰውነትና ለዚያ ጉልበት ሁለቱ ክንፍ አልበቃም።

ምን አደረገ? ምሳውን አልተወም! እጁ ላይ የቦርድ መጥረብ ሙያ ስለነበረው በ1980 ሦስተኛ ክንፍ ጨምሮ ለራሱ ሰውነት የሚሆን ሰሌዳ ጠረበ። መጀመሪያ ላይ ያፌዙበት ነበር። በ1981 ቤልስ ቢች በሚባለው ቦታ፣ ማዕበሉ ፎቅ አክሎ በመጣበት ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሲድኒ ላይ ደገመ፣ ሃዋይ ሄዶ ፓይፕላይን ላይ ሠለሰ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጠው አብዛኛው አጭር ቦርድ ባለ ሦስት ክንፍ ነው። እትዬ፣ የልጅዎን ቦርድ ገልብጠው ይቁጠሩ፣ ሦስት ማግኘትዎ አይቀርም። ልጅዎ ሰውነቱን ሊያስተካክልለት የሚራብለት ቦርድ፣ አንድ ግዙፍ ሰው ሰውነቴን አልቀንስም ብሎ ያመጣው ቅርጽ አለበት።

ወደ ኋላም ብንሄድ ያው ነው። የሃዋይ ባላባቶች ከሕዝቡ የሚለዩት በረጅሙ ሰሌዳቸው ነበር። ኦሎ ይሉታል፣ ተራው ሰው አይነዳውም። በ1912 እና በ1920 ኦሎምፒክ በዋና ወርቅ የወሰደውና ሰርፍን ለዓለም ያስተዋወቀው የሃዋዩ ዱክ ካሃናሞኩ 16 ጫማ የሚረዝም፣ 52 ኪሎ የሚመዝን የእንጨት ሰሌዳ ነበረው። አሁን ረጅም ቦርድ የያዘን ልጅ «ጀማሪ» እያሉ የሚያሾፉ ጎረምሶች ይህንን ቢያውቁ ደግ ነበር።

እንግዲህ ለልጅዎ የሚሆነውን ልናገር። 8 ጫማ (2 ሜትር ከ44) ርዝመት፣ 22 ኢንች ተኩል ወርድ፣ 3 ኢንች ሩብ ውፍረት ያለው፣ ላዩ ለስላሳ የሆነ የፎም ቦርድ ይፈልጉ። በዚህ ልክ ከሚሸጡት መካከል 86 ሊትር የሆነ አለ። ለ88 ኪሎ ሰው ልክ ይመጣል። ለስላሳ መሆኑ ደግሞ ተገልብጦ ራሱን ቢመታው ጉዳቱን ይቀንስለታል። ጠንካራውን ካልገዛሁ ካለ ከ9 ጫማ እስከ 9 ጫማ ከ6 የሚደርስ ሎንግቦርድ፣ ከ70 እስከ 80 ሊትር። ርዝመቱ ለመቅዘፍ ፍጥነት ይሰጠዋል፣ ወርዱ ሲቆም እንዳይዋልል ያደርገዋል። አፍንጫው ብዙ ያልተቀለበሰውን ይምረጡ፣ ቀጥ ያለው ቶሎ ይሮጣል።

አዲስ መግዛት ግድ አይደለም። ያገለገለ ሲገዛ ግን ቦርዱን በአውራ ጣት ጫን ጫን እያደረገ ይመልከት። እንደ በሰለ አቮካዶ ገባ የሚልበት ቦታ ካለ የላዩ ልባስ ከውስጡ ተላቋል ማለት ነው። ቡናማ እድፍ ካለበት ወይም ለመጠኑ ከከበደው ውኃ ጠጥቷል፣ ይተወው። ታንኳም ውኃ ሲጠጣ አይደል ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ የሚያሰጡት? ቦርድ ግን እንደ ታንኳ በፀሐይ አይድንም፣ ጥገና ይፈልጋል፣ ጥገናው ደግሞ ገንዘብ ነው።

የእግር ገመዱን (ሊሽ የሚሉትን) እንዳትረሱ። ርዝመቱ ከቦርዱ ርዝመት ጋር ይመጣጠን፣ ለ8 ጫማ 8 ጫማ። ከባድ ሰው ከሆነ ወፈር ያለው ይሻላል። ከወደቀ በኋላ ከውኃ ሲወጣ ሁልጊዜ ፊቱን በክንዱ ይሸፍን። እነዚህ ገመዶች በተጀመሩበት በ1971፣ የዋና ልብስ በመሥራት የታወቀው ጃክ ኦኒል ገመዱ ቦርዱን ስቦ መልሶበት ግራ ዓይኑን አጥቷል። ትልቅ ቦርድ ሌላም ግዴታ አለው። የሚመጣውን ማዕበል በሥሩ ጠልቆ ለማለፍ አይመችም፣ አልገባም ይላል። ስለዚህ ቦርዱን ይዞ ተገልብጦ ማሳለፍን ይማር። ከኋላው ሰው ካለ ቦርዱን ለቆ እንዳይሸሽ። 86 ሊትር ነገር የሰው ጥርስ ላይ ሲያርፍ አያምርም።

ቦታ ይምረጥ። እዚያው ሳንዲያጎ ላሆያ ሾርስ እና ቱርማሊን የሚባሉት ዳርቻዎች ለጀማሪና ለረጅም ቦርድ የሚሆን ለዘብ ያለ ማዕበል ያላቸው ናቸው። ብላክስ ቢች ለጊዜው ይቅርበት፣ ኃይለኛ ነው። በክረምቱ ወራት የባሕሩ ውኃ እስከ 14 እና 15 ዲግሪ ይወርዳል። ስቡን ያራገፈና ባዶ ሆዱን የገባ ልጅ እዚያ ውስጥ ቶሎ ይበርደዋል፣ ጡንቻው ይተሳሰርበታል። ገንፎም ይሁን እንቁላል በዳቦ፣ ከመውጣቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ይብላ።

አሁን ከልጁ ጋር ትንሽ ላውራ። እትዬ፣ አማርኛ ማንበብ የማይችል ከሆነ ያንብቡለት።

ስማ ወንድሜ። 88 እንደ ጫማ ቁጥር ነው። 44 ቁጥር እግር ያለው ሰው 40 ቁጥር ገዝቶ ጣቱን አይቆርጥም። ጓደኞችህ «ቦርዱ አልቻለህም» ሲሉህ እውነታቸውን ነው፣ ያልተናገሩት ግን ቦርዱ ለአንተ እንዳልተሠራ ነው። ያ የሸጠልህ ልጅ ስንት ኪሎ ነው? ጠይቀው እስቲ። ምግብ ስትተው ከሰውነትህ ቀድሞ የሚሄደው ስብ ብቻ እንዳይመስልህ። የትከሻህና የክንድህ ጡንቻም ይሄዳል፣ የምትቀዝፈው ደግሞ በእሱ ነው። ከምትወደው ነገር አልከልክልህም። በትልቁ ጀምር፣ ማዕበሉ ሳይፈርስ ይዘህ ወደ ጎን መሄድ ስትችል 60 ሊትር ወዳለው ውረድ። ሁለት ሦስት ዓመት ስትቆይ ከ42 እስከ 45 ያለውን ታነሳለህ። ያን ጊዜ ለራስህ ስታሠራ ፋይበርግላሱ ወፈር ይበል፣ 4 ሳይሆን 6 አውንስ በል፣ አለበለዚያ ተረከዝህ ይሰረጉደዋል። ክንፉንም በክብደት ነው የሚሸጡት። በአንዳንዶቹ ሠሪዎች መለኪያ «ትልቅ» የሚባለው ከ75 እስከ 90 ኪሎ ላለ ሰው ነው፣ ከ85 በላይ ለሆነ ደግሞ ከዚያ የሚተልቅ አለ። አየህ፣ ለአንተ የሚሆን ዕቃ ከነቁጥሩ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

እትዬ፣ በመጨረሻ ስለ አባቱ። መጥረቢያውን ያስቀምጡ። የተፈለጠ ቦርድ 350 ዶላር ነው፣ የተሸጠ ቦርድ ግን የአዲሱን ግማሽ ሊሸፍን ይችላል። ለ70 ኪሎ፣ ልምድ ላለው ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፣ ገዢ አያጣም። ልጁ እሺ ካለ ይሽጠው፣ እምቢ ካለ ግድግዳ ላይ ይስቀለው። ብቻ ውኃ አይግባበት። አባትየው ንዴታቸውን የሚያወጡበት ሌላ ሥራ አለ። 8 ጫማ ቦርድ እንደ አጭሩ መኪና ውስጥ አይገባም፣ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው የሚሄደው። ልጁ ብቻውን አሥሮ ብቻውን እንዲወጣ አይደለም፣ ቅዳሜ ጠዋት አብረው ያሥሩ፣ አብረው ይሂዱ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጡ። ሁለተኛ ራሱን ቢስት የሚያነሳው ባዳ መሆን የለበትም። አስተሳሰሩም ዘዴ አለው፦ ቦርዱ በጀርባው ተገልብጦ፣ ክንፉ ወደ ላይና ወደ መኪናው ፊት ዞሮ ይቀመጥ፣ ማሰሪያው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ብረቱ ቦርዱን እንዳይበሳው ከሥሩ ፎጣ ጣል ይደረግበት።